ከካሶኒው እስከ መሬቱ ያለችው አንድ ሜትር

ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሱማሌ ተራ፣ የተገዛ ያገለገለ የመኪና ሞተር ባሕር ዳር ለመግባት በደብረ ማርቆስ መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን፣ መራዊን ያልፋል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ መንገድ በስልክ ሲከታተል ይውላል፤ «የት ደረስክ?»፣ «ኬላውን አለፍክ?» መኪናው ሰፈር ሲገባ እፎይ ይላል። እኔ ግን ፍርሃቱ መጀመር ያለበት ያኔ ነው ባይ ነኝ። የሞተር ክፉ ቀን ያለው መንገድ ላይ ሳይሆን ደጅ ላይ ነው፤ ከካሶኒው፣ ከጭነት መኪናው የዕቃ መጫኛ፣ ወለል እስከ መሬት ባለችው አንድ ሜትር ውስጥ።

ያቺ አንድ ሜትር ደግሞ የምትወሰነው ባሕር ዳር አይደለም። ሞተሩ አዲስ አበባ ሲጫን ነው። ምን ላይ ተቀምጦ ተጫነ? በየትኛው በኩል ተጫነ? መንጠቆ የሚገባበት ጆሮ ቀርቶለታል ወይስ ተፈትቶ ለሌላ ተሽጧል? ይህ ሳይጠየቅ መኪናው ከተነሳ፣ ደጅ ላይ የሚቀረው ምርጫ «እንግዲህ እንግፋው» ብቻ ነው።

ስለ ክብደቱ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «አራት ልጅ ያነሳዋል» ነው። እውነት ነው፣ አራት ጎበዝ ያነሳዋል። ማስቀመጡ ላይ ነው ጉዱ። በሚኒባስ የምናውቃቸው የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ ባዶአቸውን 200 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ፤ ካምቢዮ (ማርሽ ሳጥኑ)፣ ዲናሞና ሞተሪኖ (ማስነሻው) እንደተገጠመ ከመጣ 250 አካባቢ አስቡት። የላንድክሩዘሩ ባለ 6 ፒስተን 1ኤችዜድ ካምቢዮ ሳይጨመር ከ300 ኪሎ በላይ ነው። 250 ኪሎ አምስት ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። የሲሚንቶ ከረጢት ግን ይከፋፈላል፣ የጤፍ ኩንታልም ትከሻ ላይ ተመቻችቶ ይተኛል። ሞተር እጀታ የለውም። ከላይ ይከብዳል፣ ከታች ይጠባል፣ ዘይት የነካው ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ለእጅ የሚመቸው ቦታ ሁሉ፣ ማኒፎልዱም (አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቱቦ)፣ የናፍጣ ፓምፑም፣ የኢንጀክተር ቱቦዎቹም፣ ክብደት ሊሸከም የተሠራ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሞተር ሎሚ አይደለም። ከአራቱ የአንዱ እግር ካዳለጠው የሱ ድርሻ ለቀሩት ሦስቱ እኩል አይደርሳቸውም፤ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከሁሉም የምትጎዳው ክፍል ማንም ጎንበስ ብሎ የማያያት ናት፤ የዘይቱ ቋት። ከብሎኩ ሥር ዙሪያዋን በትናንሽ ቡሎኖች የታሰረች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስስ ላሜራ የተሠራች ገንዳ ናት። ሞተሩ እንዲሁ መሬት ላይ ሲቀመጥ 200 ኪሎው ያለ አጋዥ በእሷ ላይ ያርፋል፤ ወለሏ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ምን አላት፣ አታፈስም» የሚል ሰው በዚህ ጊዜ አይጠፋም። አታፈስም፤ እሷስ ብታፈስ ይሻል ነበር። በቋቷ ወለልና ዘይቱን በሚስበው ወንፊት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። ላሜራው ወደ ላይ ከገባ ወንፊቱን ይጠጋዋል፣ ሲብስም ይደፍነዋል። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሳ በዝግታ ዙር ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ሰው ሞልቶ ዳገት ሲይዝ ግን የሚፈለገው ዘይት አይደርስም፤ ዋናው ዘንግ (ክራንኩ) የሚዞርባቸው ብሮንዚኖች ይደርቃሉ፣ ማንኳኳት ይጀምራል። ከዚያ ሻጩ ይረገማል፣ መካኒኩም ይረገማል። ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ሞተሩ የወረደ ዕለት ነው። ስለዚህ ቋቷ ላይ አዲስ ስርጉድ ከታየ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ትፈታ፣ ወለሏ ተቀጥቅጦ ይስተካከል፣ ወንፊቱ ይታይ። ሞተሩ ውጭ እያለ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ግን የቀናት።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ሞተሩን አልጋ ላይ ማስቀመጥ ነው። እንጨቱ ይበቃል፤ 10 በ10 ሳንቲም የሆኑ ሁለት ወራጆች፣ ርዝመታቸው 1 ሜትር ገደማ፣ በመካከላቸው አግዳሚ። የሚበየድ ከተገኘ ደግሞ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) የተሻለ ነው። ሞተሩ አልጋው ላይ የሚታሰረው በጎንና በጎኑ ባሉት የሱፖርት ቀዳዳዎች፣ መኪናው ላይ በሚታሰርባቸው፣ በኩል ነው፤ ከኋላ ካምቢዮ በሚገጠምበት በኩል ሌላ ደጋፊ ይጨመርለታል። ቋቷ በአየር ላይ፣ ከካሶኒው ወለል ከ3 እስከ 5 ሳንቲም ከፍ ብላ መንጠልጠል አለባት። የወራጆቹ ጫፍ እንደ ታንኳ አፍንጫ ወደ ላይ በሰያፍ ቢቆረጥ፣ ሲጎተት የጣውላና የድንጋይ ጠርዝ ላይ አይነክስም። ለአልጋው የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ዲናሞ ከሚወጣው ያንሳል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይቆጥበዋል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ጆሮዎቹን አትርሱ። ፋብሪካው ሞተሩ የሚንጠለጠልባቸው ሁለት የብረት ጆሮዎች፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ በሰያፍ አስቀምጧል። ያገለገለ ሞተር ብዙ ጊዜ አንዱን ወይም ሁለቱንም አጥቶ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከሌሉ ከሌላ ሞተር ተፈትተው ይገጠሙ። የግድ ተተኪ የሚሠራ ከሆነ ወፍራም ላሜራ ብሎኩን ከላይ በሚከድነው ቴስታታ ጠንካራ ቀዳዳ ላይ፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ባለው ቡሎን ይታሰር፤ ቡሎኑም እስከ መጨረሻው ይግባ። ማኒፎልድ ላይ ሰንሰለት ማሰር አሉሚኒየም መስበር ነው። ካምቢዮው ለብቻው ቢጫን እመርጣለሁ፤ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ርዝመቱ ያጥራል፣ ሚዛኑም ወደ መሃል ይመለሳል። ዘይቱና ውሃው አዲስ አበባ ይፍሰስ፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ዘይት የሌላውን ሰው ጭነት ያበላሽና ሌላ ክርክር ያመጣል።

ወረቀቱን በአጭሩ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሞተር ሲቀየር ያ ቁጥር ይቀየራል። ደረሰኙና ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳየው የጉምሩክ ሰነድ ከሞተሩ ጋር ይምጣ፤ ኬላ ላይም፣ በኋላ ሊብሬው ሲስተካከልም ይጠየቃል። ብሎኩ ላይ የተመታው ቁጥር በጨርቅ ተወልውሎ ንጹሕ ሆኖ በስልክ ፎቶ ይነሳ።

አብዛኛው ሞተር የሚመጣው ለብቻው ሳይሆን በአይሱዙ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ተደርቦ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎት ይጋጫል። ለመንገዱ ሲባል ሞተሩ ከፊት፣ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቢሆን ይሻላል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው በረሃ መኪናው ከ1000 ሜትር በላይ ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደፊት ይገፋል። ለማውረድ ሲባል ግን ከኋላ፣ ከመዝጊያው አጠገብ መሆን አለበት። ፊት ከተቀመጠ ደጃችሁ ላይ የሌላ ሰው ብስኩትና ሳሙና ወርዶ ተመልሶ ይጫናል፤ አለበለዚያ ሞተሩ በካሶኒው ወለል ላይ አራት ሜትር ይጎተታል። እኔ ከኋላ ይሁን እላለሁ፤ ግን በአራት አቅጣጫ ይታሰር፣ በአልጋው ፊትና ኋላ ወለሉ ላይ እንጨት ተመትቶ ይገደብ። ናይለን ገመድ ብቻውን አይታመንም፤ ክብደት ሲይዝ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይላላል። ባለ መወጠሪያ ማሰሪያ ወይም ሰንሰለት ይሻላል። ሾፌሩንም በረሃውን ከመጀመሩ በፊትና ደጀን ከወጣ በኋላ ማሰሪያውን እንዲፈትሽ በትሕትና ለምኑት። በስልክ ማዘዝ የትም አያደርስም፤ ከመነሳቱ በፊት ፊት ለፊት ከተነጋገራችሁ ያስታውሳል።

መኪናው እየመጣ ሳለ ባለቤቱ ሜትር ይዞ ደጁን ይለካ። ቤቱ ከዓባይ ማዶ በዘንዘልማ በኩል ቢሆን 2016 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ሰፊ ነው፤ የሚቸግረው ከዋናው አስፋልት ከተወጣ በኋላ ያለው ነው። የኮብልስቶኑ ጠርዝ፣ በር ላይ የፍሳሽ ቦዩን የሸፈነው ሲሚንቶ፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው የመብራትና የስልክ ሽቦ፣ ቅርንጫፉን ወደ መንገድ የዘረጋው ማንጎ። የቦዩ መሸፈኛ ለሰውና ለባጃጅ የተሠራ ነው፤ የተጫነ አይሱዙ የኋላ ጎማ ሲወጣበት ይሰነጠቃል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሞተር በሚወርድበት ሰዓት ደግሞ ትንሽ ማዘንበል ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ወደ ሐይቁ ጠጋ ባሉት ጥቁር አፈር ሰፈሮች መኪና ግቢ ውስጥ አለማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ ያለኝ ምክር ውድ ይመስላል ግን ርካሽ ነው፤ ማንሻ ያለው ጋራዥ ደጅ ላይ ሞተሩን ወደ ፒክአፕ አዛውሩና በፒክአፑ ቤት አስገቡት። የፒክአፕ ካሶኒ ዝቅተኛ ነው፤ ያቺ አንድ ሜትር ወደ 70 ሳንቲም ትወርዳለች።

ማታ አይወረድ። መኪናው አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ ከደረሰ ይደር፤ የማሳደሪያው ገንዘብ ይከፈል። ቅዳሜም ገበያተኛው መንገዱን ስለሚሞላው ቢቀር ይሻላል። ረፋዱ ላይ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ጥሩ ነው።

ጫኝና አውራጆችን የምታናግሩት መዝጊያው ሳይከፈት ነው። «ማውረድ» ለእነሱ ከካሶኒ ወደ መሬት ነው፤ ለባለቤቱ ደግሞ እስከ መጋዘኑ ጥግ ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚህች ቃል ይመጣል። «እዚህ ድረስ» ብላችሁ ቦታውን በእግራችሁ ቁሙበት፣ ከዚያ ዋጋ ተነጋገሩ። የጎረቤት ልጆች በነፃ ለማገዝ ይሰበሰባሉ፤ ደስ ይላል፣ ግን ሰው በዛ ማለት ጉልበት በዛ ማለት አይደለም። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን፤ «ቁም» የሚለው ቃል ግን የሁሉም ነው፣ ማንም ሲለው ሁሉም ይቆማል። ሕፃናት በሩን አልፈው አይግቡ፤ ቡናም ከሥራው በኋላ ይቅረብ።

ገመዱ ሳይፈታ ሞተሩ ካሶኒው ላይ እንዳለ አንድ ሥራ አለ። ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ቋቷን በባትሪ ከሥር እዩ፤ ዙሪያውን ፎቶ አንሱ። ከወረደ በኋላ «መንገድ ላይ ነው የተሰበረው» ቢባል የሚሰማ የለም።

ክሬን ወይም ፎርክሊፍት ከተገኘ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እዚያም ቢሆን ሰንሰለቱ ይታይ። ከአንድ መንጠቆ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች የሚወርደው ሰንሰለት በጠበበ ቁጥር ይቀለዋል፣ በሰፋ ቁጥር ይከብደዋል። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን 250 ኪሎ ሞተር በእያንዳንዱ እግር ላይ 145 ኪሎ ገደማ ይጥላል፤ 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ እግር ሙሉውን 250 ይሸከማል፣ ጆሮዎቹንም ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። አጭር ሰንሰለት የሚበጠሰው ስለቀጠነ አይደለም፤ ስለተበረገደ ነው።

ክሬን ከሌለ ጫፋቸው አንድ ላይ የታሰረ ሦስት የባሕር ዛፍ ምሰሶና 1 ቶን የሚችል የሰንሰለት ማንሻ በቂ ነው። ምሰሶው እርጥብ ያልሆነ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ጫፉ ላይ ከ12 ሳንቲም የማይቀጥን፣ 5 ሜትር የሚረዝም ይሁን። እግሮቹ እርስ በርሳቸው በ3 ሜትር ርቀት ይተከሉ፤ 30 ሳንቲም ጉድጓድ ይቆፈርላቸው ወይም ሦስቱም በገመድ ይያያዙ፤ አለበለዚያ ክብደት ሲመጣ ይከፈታሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌት አለ። መኪናው በሁለቱ እግሮች መካከል ወደ ኋላ ይገባል፤ መሬት ላይ 3 ሜትር ስለተለካ ሰፊ ይመስላል። ምሰሶዎቹ ግን ወደ ላይ ሲወጡ ይጠባሉ። ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ክፍተቱ 2 ሜትር ከ30 ይሆናል፤ ካሶኒው 2 ሜትር ከሆነ በየጎኑ 15 ሳንቲም ነው የሚቀረው። 1 ሜትር ተኩል ላይ ደግሞ 2 ሜትርም አይሞላ፤ ስለዚህ የካሶኒው የጎን መዝጊያ ከፍ ያለ ከሆነ ይከፈት። ይህ ሳይታሰብ መኪናው ገብቶ ምሰሶውን ከነካ፣ በኋላ ሞተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ሲወጣም ይነካዋል።

ማንሻው ሞተሩን 10 ሳንቲም ብቻ ያንሳው፣ ከዚያ ሁሉም እጁን ይሰብስብ። ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት። ምሰሶው ይጮኻል? እግሩ ይሰምጣል? ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል? ዝም ካለ፣ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ነው፣ ሞተሩ አይደለም። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ወደፊት ይወጣል፤ ሞተሩ ባለበት ይቀራል፤ ከሥሩ ባዶ መሬት ይመጣል። ከዚያ በሰንሰለቱ መውረድ ብቻ ነው። የተንጠለጠለ ሞተርን ወደ ጎን መግፋት ሦስቱን ምሰሶ መጣል ነው።

ማንሻም ከሌለ ጣውላ አለ። ሁለት ጣውላ፣ ውፍረታቸው 5 ሳንቲም፣ ርዝመታቸው 4 ሜትር፤ መሃላቸው ላይ እንዳይጎብጡ ድንጋይ ወይም ግንድ ይደገፍላቸው። መኪናው የኋላ ጎማውን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካሳረፈ ወይም ጀርባውን ለከፍታ አፈር ከሰጠ ተዳፋቱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ በነፃ የሚገኝ እገዛ ነው። አልጋው በደረቅ ጣውላ ላይ ተንሸራቶ ይውረድ። ግሪስ አይቀባ፣ ቱቦም ከሥሩ አይግባ፤ ሁለቱም ሞተሩን የሚያስኬዱት ሳይሆን የሚያስሮጡት ናቸው። ከኋላ የሚይዘው ገመድ ሰው እጅ ላይ ሳይሆን የመኪናው ሻንሲ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይጠምጠም፤ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው ብቻውን እያላላ ያወርደዋል። ከሞተሩ በታች፣ ከጣውላው ፊት ለፊት፣ ማንም አይቁም። «ከወረደ ልያዘው» ብሎ የቆመ ሰው 250 ኪሎ አይዝም።

አሁን ስለ ጎማው። በከተማችን የተለመደው ዘዴ አሮጌ ጎማ ከምሮ ሞተሩን ከካሶኒ መገፍተር ነው፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሳካል። ችግሩ ጎማ ክብደትን መቀበል ብቻ ሳይሆን መመለስም ያውቃል። ሞተሩ ይነጥራል፣ በአየር ላይ ይገለበጣል፣ ሁለተኛ ሲያርፍ በጎኑ ነው። ያኔ የሚሰበረው ከጎን የወጣው ሁሉ ነው፤ የዲናሞው መያዣ፣ የውሃው ፓምፕ አፍ፣ የካምቢዮው ደወል (ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመው ሰፊ አፉ) ጆሮ። የአሉሚኒየም ጆሮ ተበይዶም ቀድሞ የነበረውን ልክ አያገኝም። ጎማ የሚጠቅመው ሞተሩ በማንሻ ከወረደ በኋላ ማረፊያ ሲሆን ነው፤ እዚያ ደግሞ ግሩም ነው።

መሬት ከነካ በኋላ ያለው ቀላል ነው። 80 ሳንቲም የሚረዝሙ ሦስት የውሃ ቱቦዎች ከአልጋው ሥር ይገባሉ፤ የኋለኛው ሲወጣ ወደፊት ይዞራል። ኮብልስቶን ላይ ቱቦው በድንጋዮቹ መካከል ስለሚቀረቀር ጣውላ ይነጠፍ። ጣት በቱቦና በጣውላ መካከል አይግባ፤ ቱቦ የሚቀመጠው ከላይ በመዳፍ ነው።

የማይገጠምበት ቀን ከረዘመ ሞተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ማሰር ስህተት ነው። በሐይቁ ዳር እርጥበት ውስጥ ፕላስቲክ ሌሊት ያልባል፣ ውስጡ ይዝጋል። ከላይ ሸራ ጣል ይደረግበት፣ ከሥር አየር ይግባ። ካንዴሌታዎቹ (ሞተሩ ሲነሳ የሚያሞቁት) ተፈትተው በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመር፣ ክራንኩም ከፊት በኩል በመፍቻ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ይዞር፤ በየሁለት ሳምንቱም ይደገም። ከማንኪያ በላይ አይጨመር፤ የተጠራቀመ ዘይት አይታመቅም፣ ሞተሪኖው ሲመታ ቢዬላውን፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ፣ ያጎብጣል። ክፍት አፎች ሁሉ አይጥ እንዳይገባባቸው በጨርቅ ይደፈኑ፤ ጨርቁ ቀይ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ጥቁር ጨርቅ ይረሳል። ስንት አፍ እንደተደፈነም ብሎኩ ላይ በጠመኔ ይጻፍ። ሰባት ከገባ ሰባት መውጣት አለበት።